የልዕለ ኃያላን የሥዕል መጽሔቶች ስሕተትና የስሕተቱ አተራረም

መግቢያ

ኮሚክ እየተባሉ የሚጠሩት የአሜሪካ የሥዕል መጽሔቶች ለብዙ ዘመን የልጆች መጫወቻ ብቻ ተደርገው ስለ ተቈጠሩ፣ በዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ዘንድ እምብዛም ሳይመረመሩ ቈይተዋል። በተለይም ከተራ ሰው በላይ የሆነ ኃይል ስላላቸው ጀግኖች፣ ማለትም ስለ ሱፐርማን፣ ስለ ስፓይደርማን፣ ስለ ሃልክና ስለ መሰሎቻቸው የሚተርኩት መጽሔቶች፣ ስሕተት የሞላባቸው ናቸው ተብለው ሲነቀፉ ይሰማል። ነቀፌታው እውነት ነው፤ ስሕተቱ ብዙ ነው። ነገር ግን ስሕተቱ ከምን እንደ መጣ፣ ከታወቀም በኋላ ምን እንደ ተደረገበት ብንመረምር፣ ከነቀፌታው የበለጠ ትምህርት የምናገኝ ይመስለናል።

ጥያቄው ለእኛ ለተማሪዎች እንግዳ አይደለም። ብዙ እጅ ያለፈበት ጽሑፍ ሲያጋጥመንና አንዱ ክፍል ከሌላው ሲጣላ፣ ሁለቱን ለማስታረቅ በኋላ የተነገረውን ቃል እንደ ማስረጃ እንቀበለው ወይስ አንቀበለው እያልን እንጨነቃለን። በጥንታዊ ጽሑፎች ላይ ይህን መወሰን የሚያስቸግረው፣ የጻፈው፣ የገለበጠውና ያረመው ሰው ሁሉም ስላለፉ ነው። በሥዕል መጽሔቶቹ ላይ ግን የየወሩ እትም ከነቀኑ ስለሚገኝ፣ ስሕተት እንዴት እንደሚወለድና እንዴት እንደሚታረም ደረጃ በደረጃ መከታተል ይቻላል።

ስሕተቶቹን በሁለት እንከፍላቸዋለን። የመጀመሪያው ከእውነታ ጋር የሚጣላ ነው፤ ይኸውም ታሪኩ ስለ ተፈጥሮ ወይም ስለ አንድ ስፍራ የሚናገረው ነገር ሐሰት ሲሆን ነው። ሁለተኛው ታሪኩ ከራሱ ጋር ሲጣላ ነው፤ ትናንት የተነገረውን ዛሬ የሚያፈርስ ማለት ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ሲሆኑ፣ የእትሞቹ ወራትም በሽፋናቸው ላይ የታተሙት ናቸው።

ከእውነታ ጋር የሚጣላ ስሕተት

ሱፐርማን በጄሪ ሲገል ደራሲነትና በጆ ሹስተር ሠዓሊነት፣ በጁን 1938 በወጣው «አክሽን ኮሚክስ» ቍጥር 1 ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። በዚያው እትም ውስጥ የጀግናውን ጉልበት በሳይንስ ለማስረዳት ተሞክሯል። ማስረጃው እንዲህ ያለ ነው፤ ጉንዳን ከክብደቷ ብዙ መቶ እጥፍ ትሸከማለች፤ ፌንጣም ብትዘል፣ ዝላይዋ ለሰው ቢመጠን ብዙ ሕንፃዎችን ያሳልፋል፤ እንግዲህ እንደነሱ ያለ ጉልበት ያለው ሰው ቢገኝ አያስደንቅም ይላል።

አባባሉ ላይ ላዩን ሲያዩት ያሳምናል፤ ነገር ግን ትክክል አይደለም። የስሕተቱንም ምክንያት ጋሊሌዮ በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ አስረድቶት ነበር። አንድ አካል መልኩን ሳይለውጥ ቁመቱ ዐሥር እጥፍ ቢያድግ፣ ክብደቱ ሺሕ እጥፍ ይሆናል፤ የጡንቻና የአጥንት ብርታት ግን በውፍረቱ፣ ማለትም ተቈርጦ ቢታይ በሚኖረው ስፋት ስለሚለካ፣ የሚያድገው መቶ እጥፍ ብቻ ነው። ስለዚህ አካል በገዘፈ ቍጥር፣ ከክብደቱ ጋር ሲመዛዘን እየደከመ ይሄዳል።

በቍጥር እንየው። ርዝመቷ 5 ሚሊሜትር የሆነች ጉንዳን የክብደቷን ሃያ እጥፍ ትሸከማለች እንበል። ይህችን ጉንዳን 1 ሜትር ከ75 እስክትሆን ብናሳድጋት፣ ርዝመቷ 350 እጥፍ ይሆናል። ጉልበቷ 122,500 እጥፍ ሲያድግ፣ ክብደቷ ግን 42,875,000 እጥፍ ያድጋል። ውጤቱም፣ መሸከም የምትችለው የገዛ ክብደቷን ዐሥራ ሰባተኛ እጅ ያህል ብቻ ይሆናል ማለት ነው። ከሱፐርማን ጋር ልትታገል ይቅርና በእግሯ ልትቆም አትችልም።

የፌንጣዋም ነገር እንደዚሁ ነው። ጡንቻ በአንድ ዝላይ የሚሰጠው ኃይል በጡንቻው ብዛት ይወሰናል፤ የሚነሣው ክብደትም ከአካሉ ጋር አብሮ ያድጋል። ሁለቱ አብረው ስለሚያድጉ፣ አካሉ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ የዝላዩ ከፍታ በመሠረቱ አይለወጥም። ሰውን የምታህል ፌንጣ የምትዘለው ትንሿ ፌንጣ የምትዘለውን ያህል ነው እንጂ ሕንፃ አታሳልፍም።

በኋላ በ1960 አካባቢ የሱፐርማን ኃይል ከፀሐያችን ብጫ ብርሃን የሚመጣ ነው የሚል ሌላ ምክንያት ተሰጠ። በዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። የመጀመሪያው ምክንያት ጉንዳንንና ፌንጣን ስለ ጠቀሰ፣ ማንም ሰው መርምሮ ሐሰት መሆኑን ሊያሳይ ይችላል። ሁለተኛው ግን በዓለም ላይ ከሚታይ ከማንኛውም ነገር ጋር ሊመዛዘን አይችልም። ስሕተቱ ቀረ እንጂ እውነቱ አልተጨመረም፤ ታሪኩ ከሚመረመር ስፍራ ወደማይመረመር ስፍራ ተዛወረ።

ሁለት ድልድዮችና አንድ ሞት

በጁን 1973 በወጣው «አሜዚንግ ስፓይደርማን» ቍጥር 121፣ የጀግናው ወዳጅ ግዌን ስቴሲ በጠላቱ በግሪን ጎብሊን እጅ ወድቃ ከድልድይ ማማ ላይ ትጣላለች። ስፓይደርማን ድሩን ወርውሮ፣ ውሃው ላይ ሳትደርስ እግሯን ይዞ ያቆማታል፤ ወደ ላይ ሲስባት ግን ሞታ ያገኛታል። ጠላቱም፣ ከዚህ ከፍታ የወደቀ ሰው መሬት ሳይነካ በአየር ላይ ይሞታል ብሎ ይሣለቅበታል።

በዚህ እትም ሁለት ስሕተቶች ይገኛሉ። የመጀመሪያው የስፍራው ነው። ጄሪ ኮንዌይ የደረሰው ጽሑፍ ድልድዩን የጆርጅ ዋሽንግተን ድልድይ ይለዋል፤ ጊል ኬን የሣለው ግን የብሩክሊንን ድልድይ ነው። ሁለቱ ኒው ዮርክ ውስጥ ቢገኙም በምንም አይመሳሰሉም። ብሩክሊን በ1883 የተከፈተ፣ በኢስት ወንዝ ላይ የተዘረጋ፣ ማማዎቹ በድንጋይ የታነፁ ድልድይ ነው፤ ሌላው በ1931 የተከፈተ፣ በሃድሰን ወንዝ ላይ የሚገኝ፣ ማማዎቹም የብረት ናቸው። የብሩክሊን ማማ ከውሃው በላይ 84 ሜትር ያህል ሲሆን፣ የጆርጅ ዋሽንግተን ግን 184 ሜትር ነው። በኋላ በታተሙት አንዳንድ ድጋሚ እትሞች ላይ ስሙ ከሥዕሉ ጋር እንዲስማማ ተለውጧል።

ሁለተኛው ስሕተት በጠላትየው አፍ የተነገረው ነው። መውደቅ ብቻውን ሰው አይገድልም፤ በጃንጥላ የሚወርዱ ሰዎች ጃንጥላቸውን ሳይከፍቱ ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ከፍታ ወድቀው በደኅና ያርፋሉ። የሚገድለው መቆሙ ነው። አንድ ሰው 80 ሜትር ቢወድቅ፣ የአየሩን መቋቋም ትተን ስናሰላው፣ በ4 ሴኮንድ ውስጥ ፍጥነቱ በሰዓት 143 ኪሎ ሜትር ያህል ይደርሳል። ይህን ፍጥነት በግማሽ ሴኮንድ ውስጥ ለማቆም፣ ክብደቷ 50 ኪሎ የሆነ ሴት በእግሯ ላይ አራት ኩንታል ተኩል ያህል ሸክም ያርፍባታል። በሴኮንድ ዐሥረኛ ውስጥ ብትቆም ደግሞ ሸክሙ ሃያ ኩንታል ያልፋል። ሥዕሉ የሚያሳየው ድንገተኛ መቆም ከሆነ፣ አንገቷ እንደሚሰበር አያጠራጥርም።

ስለዚህ የገደላት ሊያድናት የተወረወረው ድር ነው። ይህን አንባቢዎች ጠየቁ፤ አሳታሚውም በዚያው ዓመት በቍጥር 125 የደብዳቤ ዓምድ ላይ፣ የሞተችው በድንገት በመቆሟ መሆኑን አረጋገጠ። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር ጄምስ ካካሊዮስም በ2005 ባሳተመው፣ የልዕለ ኃያላንን ፊዚክስ በሚመለከተው መጽሐፉ ይህን ሞት በስፋት ተንትኖታል። በዚህ ምሳሌ የፊዚክስ ጥያቄ የታሪኩን ትርጉም ለወጠው። ጠላትየው እንደ ተናገረው ቢሆን ኖሮ ጀግናው የዘገየ ሰው ብቻ በሆነ ነበር፤ በሒሳቡ መሠረት ግን በገዛ እጁ የገደለ ሰው ሆነ።

ታሪኩ ከራሱ ጋር ሲጣላ

የሁለተኛው ዓይነት ስሕተት ምሳሌ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሱፐርማን በመጀመሪያው እትም በሕፃናት ማሳደጊያ ያደገ ነው፤ በ1939 በወጣው «ሱፐርማን» ቍጥር 1 ግን ኬንት የተባሉ ባልና ሚስት ያሳድጉታል፤ የሴትዮዋም ስም ሜሪ ነው። በኋላ ስሟ ማርታ ሆኖ ቀረ። የሚሠራበት ጋዜጣ መጀመሪያ «ዴይሊ ስታር» ነበር፤ በ1940 «ዴይሊ ፕላኔት» ተባለ። በሁለቱም ጊዜ ለአንባቢው ምንም አልተነገረውም።

በማርች 1963 በወጣው «አሜዚንግ ስፓይደርማን» ቍጥር 1፣ ጀግናው ፒተር ፓርከር መባሉ ቀርቶ ፒተር ፓልመር ተብሎ ተጽፏል። በ1964 ደግሞ ደራሲው ስታን ሊ የሃልክን ሰብኣዊ ስም ብሩስ ባነር ማለቱን ትቶ ቦብ ባነር ብሎ ጻፈ። ሃልክ ራሱ በሜይ 1962 በወጣው በመጀመሪያው እትሙ ቆዳው ግራጫ ነበር፤ በሁለተኛው እትም አረንጓዴ ሆነ። ስታን ሊ ደጋግሞ እንደ ተናገረው፣ ምክንያቱ የማተሚያው ግራጫ ቀለም በየገጹ እየተለዋወጠ ማስቸገሩ ነበር።

የሱፐርማን ጠላት ሉተር በ1940 ሲገባ ቀይ ጠጕር ነበረው፤ በ1941 ራሰ በራ ሆኖ ተገኘ። የመጽሔቶቹን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች፣ ተከትሎ የሣለው ሠዓሊ ከሌላ ራሰ በራ ሰው ጋር አምታቶት ነው ይላሉ።

ከሁሉም የሚያስገርመው የወንደር ገርል ነገር ነው። ይህች ልጅ ሌላ ሰው ሳትሆን የወንደር ዉማን የልጅነት ጊዜ ነበረች። ነገር ግን በ1960ዎቹ መጀመሪያ በወጡ አንዳንድ ታሪኮች፣ እናትየዋ ከልዩ ልዩ ዕድሜ የተነሡ ፊልሞችን ቀጣጥላ ሠራችው በሚል ምክንያት፣ ልጂቱና አዋቂዋ አብረው ይታዩ ጀመር። በ1965 ደራሲው ቦብ ሃኒ ወጣት ጀግኖችን በአንድነት ሲያሰልፍ፣ ወንደር ገርልን ራሷን የቻለች ሰው አድርጎ አገባት። እንዲህ ሆኖ አንዲት ሴት በአንድ ዘመን ሁለት ሰው ሆና ተገኘች።

የስሕተቱ ምክንያት

እነዚህን ሁሉ የደራሲዎቹ አለማወቅ ወይም ቸልተኝነት ነው ብሎ ማለፍ ፍርድን ማጣመም ይሆናል። ምክንያቱ ሥራው የሚሠራበት ሁኔታ ነው።

አንደኛ፣ ክፍያው በገጽ ነበር። ሲገልና ሹስተር በ1938 ለመጀመሪያው የሱፐርማን ታሪክ ለ13 ገጽ 130 ዶላር ተቀብለው የጀግናውን መብት በሙሉ ለአሳታሚው አሳልፈው ሰጡ። በገጽ የሚከፈለው ሰው ያለፈውን እትም እያገላበጠ የሚያመሳክርበት ጊዜ የለውም።

ሁለተኛ፣ ሥራው በብዙ እጅ የተከፋፈለ ነው። አንዱ ይደርሳል፤ አንዱ በእርሳስ ይሥላል፤ አንዱ በቀለም ያጸናዋል፤ ሌላው ቃሉን ይጽፋል፤ ሌላው ቀለም ይቀባል። በማርቭል ኩባንያ በ1960ዎቹ በተለመደው አሠራር ደግሞ፣ ደራሲው የታሪኩን ፍሬ ነገር ብቻ ይነግራል፤ ሠዓሊው ገጾቹን ይሥላል፤ ደራሲው ተመልሶ ቃሉን ይጨምራል። ሥዕሉና ቃሉ ከሁለት ሰው አእምሮ ከመጡ፣ አንዱ አንድ ድልድይ፣ ሌላው ሌላ ድልድይ ቢያስብ አያስደንቅም።

ሦስተኛ፣ አሳታሚዎቹ አንባቢውን ልጅ ነው፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይተወዋል፣ መጽሔቱንም ይጥለዋል ብለው ያስቡ ነበር። ዋጋው 10 ሳንቲም የሆነ መጽሔት ይቀመጣል ብሎ የገመተ አልነበረም፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ብዙ ቅጂዎች ለጦርነቱ ከተሰበሰበው አሮጌ ወረቀት ጋር ጠፍተዋል። የማይነበበውን ያለፈ እትም ማን ይጠብቀዋል?

ግምቱን ያፈረሱት አንባቢዎቹ ናቸው። ያስቀምጡ፣ ያመሳክሩ፣ ደብዳቤም ይጽፉ ነበር። በ1961 ጄሪ ቤይልስና ሮይ ቶማስ የተባሉ ሁለት አንባቢዎች «ኦልተር ኢጎ» የሚባል ስለነዚሁ ጀግኖች የሚመረምር መጽሔት በራሳቸው አወጡ። ሁለቱም መምህራን ነበሩ። ሮይ ቶማስ በ1965 ማርቭል ገብቶ በ1972 ዋና አዘጋጅ ሆነ፤ የግዌን ስቴሲ ሞት ሲጠየቅም መልሱ የተሰጠው በእርሱ የአዘጋጅነት ዘመን ነው። አመሳካሪው አንባቢ ወደ አዘጋጁ ወንበር ወጣ ማለት ነው።

የአተራረሙ መንገድ

ስሕተቱ ከታወቀ በኋላ አሳታሚዎቹ አራት መንገዶችን ይዘዋል።

የመጀመሪያው አጭር ቃል ነው። ስታን ሊ በ1964 በደብዳቤ ዓምድ ላይ የሃልክ ሙሉ ስም ሮበርት ብሩስ ባነር ነው አለ፤ ቦብ የሮበርት ማሳጠሪያ ስለሆነ ሁለቱም ስሞች ትክክል ሆኑ። ስሕተት አግኝቶ፣ ስሕተት አለመሆኑን የሚያስረዳ ምክንያት ለላከ አንባቢም «ሽልማት የሌለው ሽልማት» ይሰጥ ጀመር፤ አሸናፊው በፖስታ የሚደርሰው ባዶ ኤንቨሎፕ ነበር። አንባቢው ከሳሽ መሆኑ ቀርቶ ጠበቃ ሆነ።

ሁለተኛው አዲስ ታሪክ መጻፍ ነው። በኤፕሪል 1960 በ«አድቬንቸር ኮሚክስ» ቍጥር 271፣ ሉተር ወጣት ሳለ ቤተ ሙከራው ተቃጥሎ፣ ወጣቱ ሱፐርማን እሳቱን በትንፋሹ ሲያጠፋ በተነሣው ጋዝ ጠጕሩ እንደ ረገፈና የሁለቱ ጠላትነት ከዚያ እንደ ተጀመረ ተተረከ። ወንደር ገርልም በ1969 ከሚቃጠል ሕንፃ የዳነች የሙት ልጅ ተደርጋ የራሷ ልደትና ስም ተሰጣት። የሃልክም ግራጫ መልክ በ1986 ተመልሶ፣ ከአረንጓዴው የተለየ ጠባይ ያለው ሌላ ሰው ሆነ።

ካፒቴን አሜሪካ ከነዚሁ ይቈጠራል። በ1964 በ«አቬንጀርስ» ቍጥር 4፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ በበረዶ ውስጥ ገብቶ እስካሁን ተኝቶ ነበር ተባለ። ነገር ግን በ1953 እና በ1954 ከኮሙኒስቶች ጋር ሲዋጋ የሚያሳዩ መጽሔቶች ታትመው ነበር። ደራሲው ስቲቭ ኢንግልሃርት በ1972፣ ያ የሃምሳዎቹ ሰው ስሙንና ልብሱን የወሰደ ሌላ ሰው እንደ ነበረ ጻፈ። በዚህም እውነተኛው ካፒቴን ከራሱ የትናንት ጥላቻ ጋር ፊት ለፊት ተገናኘ።

ሦስተኛው መንገድ ሌላ ዓለም መፍጠር ነው። በሴፕቴምበር 1961 በወጣው «ፍላሽ» ቍጥር 123፣ በጋርድነር ፎክስ ደራሲነትና በካርሚን ኢንፋንቲኖ ሠዓሊነት፣ የ1940ዎቹ ፍላሽና የ1956ቱ ፍላሽ በሁለት ትይዩ ምድሮች ላይ እንደሚኖሩ ተነገረ። ከዚያ በኋላ የማይስማማው ሁሉ ወደ ሁለተኛው ምድር ይላክ ጀመር። የ«ዴይሊ ስታር» ጋዜጣ እንኳ የዚያኛው ዓለም ሱፐርማን የሚሠራበት ሆነ።

አራተኛው ሁሉን አፍርሶ እንደገና መጀመር ነው። ምድሮቹ ከመብዛታቸው የተነሣ አንባቢው ስለ ተቸገረ፣ ማርቭ ዎልፍማንና ጆርጅ ፔሬዝ ከ1985 እስከ 1986 ባወጡት በዐሥራ ሁለት ክፍል ታሪክ ምድሮቹ ወደ አንድ ተጠቃለሉ። ነገር ግን ነገርን ነገር ያነሣዋልና፣ ማጠቃለያው ራሱ አዳዲስ አለመስማማቶችን ወለደ።

ከዚህ የምንማረው

ከተዘረዘረው ሁሉ ዋነኛ ሆኖ የታየን ይህ ነው። የኋላው ማስረዳት ምን ያህል ቢያምር፣ ስለ መጀመሪያው ነገር አመጣጥ ምስክር ሊሆን አይችልም። ከሉተር ታሪክ የ1960ው እትም ብቻ ተርፎ ቢሆን፣ ራሰ በራነቱ ከጥንት የታቀደ፣ የጠላትነቱም መሠረት ነው ብለን በእርግጠኝነት በጻፍን ነበር። የሃልክ የመጀመሪያ ታሪክም ለሃያ ዓመት ያህል በድጋሚ ሲታተም በአረንጓዴ እየተቀባ ነው የወጣው፤ ድጋሚውን ብቻ ያየ ሰው ግራጫ እንደ ነበረ አያውቅም።

እንግዲህ ሦስት ጥያቄዎችን ለይተን መያዝ ይገባናል። መጀመሪያ የታተመው ምን ነበር? እንዲያ ሆኖ እንዲታተም ያደረገው ምንድን ነው? በኋላስ ምን ተባለበት? ሦስተኛውን የሁለተኛው መልስ አድርገን የወሰድን እንደ ሆነ፣ የምናጣው እውነትን ብቻ ሳይሆን ሰውንም ነው። በሉተር ራስ ላይ ጠጕር ሳይሥል የቀረው ሠዓሊ በችኰላ የሚሠራ ሰው ሳይሆን አይቀርም። የቤተ ሙከራው እሳት ታሪክ የእርሱን ስሕተት ሲሸፍን፣ እርሱንና የሠራበትን ሁኔታ አብሮ ሸፈነ።

በአንጻሩ ማስታረቂያውን ከንቱ ነው ብለን አንጥለውም። የጥላቻ አርበኛ ሆኖ የተሣለውን ካፒቴን ለመካድ ይቻል ነበር፤ ኢንግልሃርት ግን አውጥቶ መረመረው። በማስታረቂያው ውስጥ የሚገኘው ያስታረቀው ዘመን አሳብ ነውና፣ ስለ 1954 ሳይሆን ስለ 1972 እንጠይቀው። በየስፍራው ስንጠይቀው መልካም ምስክር ይሆናል። ጓደኞቻችን ተማሪዎችም እርስ በርሱ የሚጣላ ጽሑፍ ሲያጋጥማቸው፣ ለማስታረቅ ከመቸኰላቸው በፊት የመጀመሪያውን እትም ፈልገው፣ ስፌቱ የታየበትን ስፍራ እንዲመለከቱ እናሳስባለን።